የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ ስለማስመርመር

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ በአዳማ ዙሪያ በግቢው ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። በአካባቢ ጤና ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ ዛሬ የምለምናችሁ ጉድጓዳችሁን እንድትደፍኑ ሳይሆን በውስጡ ያለውን አስመርምራችሁ እንድታውቁ ነው። የቧንቧውን ጥራት የሚከታተል መሥሪያ ቤት አለ፤ በግቢ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ግን ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም።

"የእኛ ውሃ ኩልል ያለ ነው" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ነገር ግን እዚህ አካባቢ የሚያሰጉን ሁለቱም ነገሮች፣ ማለትም ከሽንት ቤት የሚሰርገው ተህዋስና ከአለቱ የሚሟሟው ፍሎራይድ፣ በዓይንም በምላስም አይለዩም።

ስለ ተህዋሱ ብዙ አልናገርም። ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይባላል፤ በ160 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ይህ የማይሆን ነው፤ የራሳችንን ብናርቅ እንኳ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ወዲያ ነው። በተለይ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ክዳን በሌለው የጉድጓድ አፍ ይገባል፤ መሬት ላይ የተንከባለለው ባልዲና ገመድም የራሱን ይጨምራል።

ፍሎራይድ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ስለሆነ ውሃው በአለቱ መካከል ሲያልፍ ይህን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ በዝቶ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያን ያደርቃል። እዚሁ ጎረቤታችን ወንጂ በስኳር እርሻው መንደሮች የታየውን የምታስታውሱ አዛውንቶች በመካከላችን ትኖራላችሁ። "አፍልቼ ነው የምጠጣው" ማለት ለተህዋሱ መልካም መልስ ነው፤ ለፍሎራይድ ግን ውሃ መውቀጥ ነው፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር መጠኑ ይጨምራል። በረኪናም ቢሆን አይነካውም።

አሁን ወደ አቀዳዱ ልምጣ፤ ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። አንዲት እናት ውሃ በሃይላንድ ቀድተው፣ በታክሲ ተጋፍተው፣ ከሰዓት በኋላ አመጡልኝ፤ ሃይላንዱ ቀድሞ ለስላሳ የነበረበት ስለሆነ ተህዋስ ቢገኝ ከጉድጓዱ ይሁን ከጠርሙሱ ማን ያውቃል? ለተህዋስ ምርመራ ላብራቶሪው የሚሰጣችሁን፣ ከተህዋስ የጸዳ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ። ጠርሙሱን አታለቅልቁት፤ በውስጡ ጥቂት ዱቄት ብታዩም ክሎሪንን ለማርከስ ሆን ተብሎ የተጨመረ ስለሆነ አትድፉት። ክዳኑን መሬት ላይ ሳታስቀምጡ፣ አፉን በጣት ሳትነኩ፣ እስከ አፉ ጢም ሳታደርጉ ቅዱ። በፓምፕ የምትስቡ ከሆነ ከሮቶው በፊት ካለው ቧንቧ፣ ጎማውን ነቅላችሁ፣ አፉን በአልኮል ጠርጋችሁና ለሁለት ሦስት ደቂቃ አፍስሳችሁ ውሰዱ፤ አለዚያ የምናስመረምረው ጉድጓዱን ሳይሆን ሮቶውን ይሆናል። ከዚያም በላስቲክ የተቋጠረ በረዶ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ቢቻል በስድስት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ አድርሱት። ለፍሎራይድ ግን ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል፤ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ሙሉት።

ውጤቱ ሲመጣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳየው ተህዋስ፣ መገኘት የለበትም። ከተገኘ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ መክደን፣ ጉድጓዱን በክሎሪን ማከምና ደግሞ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ እስከዚያው የሚጠጣውን አፍሉ። ፍሎራይዱ ከወሰን ካለፈ ግን ጉድጓዱን ለልብስና ለጽዳት አድርጋችሁ፣ ለመጠጥና ለወጥ የቧንቧውን ውሃ በጀሪካን አጠራቅሙ፤ በመጀመሪያ ለትንንሽ ልጆች። የተህዋሱን ምርመራ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ድገሙት።

ጠርሙሶቹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። ስትወስዱ የቤት ቁጥራችሁን አስመዝግቡ፤ ነገ ጠዋት ቀድታችሁ እስከ ሦስት ሰዓት ካመጣችሁልኝ በአንድ የበረዶ ሣጥን አድርጌ እኔው አደርሰዋለሁ።