ከማንሳታችሁ በፊት ቦታውን እዩ

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ይህን አገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲያቆም የአዋሽ ገባር ወንዞች ይደርቃሉ። ጎርፉ የጠረገው አሸዋ ላይ ብዙ ነገር ተበትኖ ይታያል። ጠጠር አለ፣ የዛፍ ግንድ አለ፣ አምና የሞተ የግመል አጥንት አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ ነገር ዓይን ይይዛል። ድንጋይ ነው? ወይስ ጥርስ? ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱ ይነግራችኋል። የቅርብ ጊዜ አጥንት ቀላል ነው። ቅሪተ አካል ግን በረዥም ዘመን ማዕድን ስለገባበት ከበድ ይላል፤ ቀስ ብላችሁ ስታንኳኩትም እንደ ሸክላ ይሰማል። ቀለም አያታልላችሁ። ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን አጥንትን ያጠቁራል፣ ብረት ያቀላዋል። ቀለሙ የሚናገረው ስለተቀበረበት አፈር ነው፣ ስለ ዕድሜው አይደለም። ከሁሉም በላይ ስብራቱን ተመልከቱ። ድንጋይ ውስጡም ውጪውም ድንጋይ ነው። አጥንት ግን ውጪው ድፍን ሆኖ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው።

ጥርስ ካገኛችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ከመቶ 95 እጅ በላይ ማዕድን ነው። ወንዝ ቅልጥሙን ፈጭቶ ሲጨርሰው ጥርሱ ይተርፋል። የእንስሳው ማንነትም በደንብ የተጻፈው እዚያው ላይ ነው።

የከብት፣ የፍየልና የድኩላ ወገን ከሆነ፣ ማኘኪያው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ታያላችሁ። የጉማሬ መንጋጋ ጥርስ በማኘክ ሲያልቅ ሦስት ቅጠል የመሰለ ምልክት ያወጣል። የዝሆን እንደተቆራረጠ ዳቦ ጎን ለጎን የቆመ ነው። የአዞ ሾጣጣ ነው፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። የዝንጀሮ መንጋጋ ላይ በአግድም የተኙ ሁለት ሸንተረሮች አሉ። የሰው ወገን መንጋጋ ግን ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች አሉት፤ ክራንቻውም ትንሽ ነው።

የእኔ ፍቅር ግን የአሳማ ጥርስ ነው። ሰው ሁሉ የሰው ቅሪት ሲፈልግ የአሳማውን ረግጦ ያልፋል። ያሳዝነኛል! የመጨረሻው መንጋጋው በትናንሽ ጉብታዎች የተሞላ ነው። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ይህ ጥርስ እየረዘመና ከፍ እያለ ሄዷል። ስለዚህ ቀን መቁጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ባዝል ኩክ የሚባለው ተመራማሪ የዚያን ቦታ አሳማዎች ከእኛ ኦሞ ሸለቆ አሳማዎች ጋር ሲያስተያይ አልገጠመም። የኬንያዎቹ አሳማዎች የሚመስሉት ኦሞ ላይ ዕድሜያቸው ሁለት ሚሊዮን አካባቢ ከሆነው ጋር ነበር። ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ አመዱ እንደገና ተለካ። 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ከኦሞ የተለቀሙ የአሳማ ጥርሶች ትክክል ነበሩ።

ይህ የሆነው ግን እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ስለተመዘገበ ነው። ዋናው ጉዳዬም እዚህ ላይ ነው።

ወንዝ ውስጥ የምታገኙት አጥንት ቤቱን የለቀቀ ነው። ጎርፍ ከላይ አምጥቶታል። ጠርዙ ተድቦልቡሎ እንደ ጠጠር ከለሰለሰ ሩቅ ተጉዟል ማለት ነው። ስብራቱ ገና ስለታም ከሆነ ግን ቤቱ ቅርብ ነው። ቀና በሉና ዳገቱን እዩ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ የአሳማ መንጋጋ ጥርስ አገኘሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኪሴ ከተትኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። ማታ ሰፈር ስንደርስ አስተማሪዬ "ከየት ነው?" አሉኝ። ከየትኛው ቦረቦር እንዳነሳሁት ጠፋኝ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ፣ አላገኘሁትም። ያ ጥርስ የአሳማ መሆኑን ማንም ያውቃል። የመቼ አሳማ እንደሆነ ግን አይናገርም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስታገኙ አታንሱት። እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡና ፎቶ አንሱት፤ ቀጥሎ ራቅ ብላችሁ ዳገቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ድገሙ። በስልካችሁ ካርታ ላይ ቦታውን ያዙ። ለምልክት አጠገቡ ድንጋይ ከምሩ። አትቆፍሩ፣ አትጠቡት። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል።

በ2008 ዓ.ም ወራንሶ ሚሌ ላይ አሊ በረይኖ የተባለ የአፋር ሰው አንድ የላይኛው መንጋጋ አጥንት አገኘ። ቦታውን ለቅሪተ አካል ተመራማሪው ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ አሳየ። የቀረው የራስ ቅል እዚያው አጠገብ ተገኘ። 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ፊቱ ሳይቀር የሚታይ የራስ ቅል ነው። ቦታውን ባያሳይ ኖሮ እጃችን ላይ የሚኖረው ያ መንጋጋ ብቻ ነበር። ድንቅነሽም ብትሆን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ መጀመሪያ የታየችው በአንዲት የክርን አጥንት ቁራጭ ነው። ከዚያች ቁራጭ ተነስተው ዙሪያውን በመፈለጋቸው ነው የአካሏ 40 በመቶ ገደማ የተሰበሰበው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ከመቅረጫ የወጡ የጥርስ ቅጂዎች አሉ፣ በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። በስተግራ በኩል ያለው ትልቁ የአሳማ ነው። ከእሱ እንጀምር።