«ላ» ከመሰማቱ በፊት፦ በኮንሰርት ወቅቱ መክፈቻ ምሽት የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና፣ ወይም የሜክሲኮንና የለገሃርን መጨናነቅ አልፋችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንከፍተው ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ኮንሰርቶቹ ግን 4 ብቻ ናቸው። «ለምን አነሱ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። ምክንያቱ ልምምድ ነው።

ለእያንዳንዱ ኮንሰርት 6 ልምምዶች መድበናል፤ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ነው። በ2ቱ ባለ ክርና ባለ ትንፋሽ መሣሪያዎች ለየብቻ ይሠራሉ። በ3ቱ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። የመጨረሻው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ባዶ አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል፣ ሰው የሞላበት ደግሞ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ነሐሱ፣ ማለትም ትሮምፔቱና ትሮምቦኑ፣ ምን ያህል መጉላት እንዳለበት እዚህ ካልተሞከረ አይታወቅም። ከዚህ ላይ አንድም ልምምድ መቀነስ የለበትም ብለን እናምናለን።

ዛሬ የምትሰሙት የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 22 ቀን 1808 በቪየና ነበር። ዝግጅቱ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 12:30 ተጀምሮ 4 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አዳራሹ ብርዳም ነበር፤ ኦርኬስትራው በቂ ልምምድ አላደረገም። በዚያው ምሽት ከቀረቡት ሥራዎች በአንዱ መሃል ተጫዋቾቹ ተለያይተው ቤትሆቨን አስቁሞ እንደገና አስጀመራቸው።

የሲምፎኒው መክፈቻ ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ 3 አጫጭር ድምፆች፣ ከዚያ 1 ረጅም። ኖታው ላይ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ዝምታ ነው። መሪው እጁን ሲያወርድ ማንም አይጫወትም፤ 3ቱ ድምፆች የሚመጡት ከዚያች ቅጽበታዊ ዝምታ በኋላ ነው። ያንን መክፈቻ ባለ ክሮቹና 2ቱ ክላሪኔቶች ብቻ ይጫወቱታል፤ በዛሬው አቀማመጥ 34 ሰዎች ማለት ነው። ዝምታዋን እኩል ካልተነፈሷት አገባባቸው ይበተናል። አንዱ ክሩን የሚፈትግበትን ደጋን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከሳበም አጽንዖቱ ይዛባል። ለዚህ ነው የደጋኑ አቅጣጫ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት በየኖታው ላይ በእርሳስ የሚሰፍረው። በእርሳስ የምንለው ሐሳብ ስለሚቀየር ነው፤ ስክሪብቶ ያበላሻል።

በመድረኩ ላይ 50 ሰዎች አሉ። 10 አንደኛ ቫዮሊን፣ 8 ሁለተኛ ቫዮሊን፣ 6 ቪዮላ፣ 5 ቼሎና 3 ኮንትራባስ ናቸው፤ የቀሩት 18ቱ እንደ ፍሉትና ኦቦ ያሉ የእንጨት መንፊያዎችን፣ ነሐስንና ቲምፓኒን፣ ማለትም ትልልቆቹን ከበሮዎች፣ ይጫወታሉ። 3ቱን የትሮምቦን ተጫዋቾች በተለይ ተመልከቷቸው። እስከ ሲምፎኒው 4ኛና የመጨረሻ ክፍል ድረስ አንዲት ድምፅ አያወጡም፤ ከ20 ደቂቃ በላይ በዝምታ ይቀመጣሉ። መሣሪያው በዚያ መሃል ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ነሐስ ድምፁ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ያለ ድምፅ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይልኩበታል። በከተማችን የነሐስ ሙዚቃ ሥር የሰደደ ነው፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40ዎቹ የነሐስ ባንድ ተጫዋች የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች»፣ እዚህ የደረሱት በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር።

የአዲስ አበባ አየር ሌላው ፈተናችን ነው። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ የቫዮሊኑ መቃኛ ይጠነክራል። ኅዳር ገብቶ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ መቃኛው ይንሸራተታል፤ የጠርዙ ሙጫም ይከፈታል። ሙጫው መልቀቁ ግን ጥሩ ነው፤ በጣም ጠንካራ ቢሆን ኖሮ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነበር። በበጋ እያንዳንዱ ተጫዋች መሣሪያውን ከነሳጥኑ እንዲያስቀምጥና ማርጠቢያ እንዲጨምርበት እንጠይቃለን። ኦቦ የሚነፋበት ስስ ምላስ ከሸምበቆ ነው የሚሠራው። ባሕር ጠለል ላይ የተፋቀ ምላስ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲመጣ ጠባዩ ይለወጣል፤ እዚሁ እንደገና ይፋቃል።

በሐምሌና በነሐሴ የማንጫወተውም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የለሰለሰ ድምፅ ስለማይሰማ ነው። ሌላም አለ። የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር፣ ስለሆነ አሮጌ የመብራት መሣሪያ የሚያወጣው ጉምጉምታ 100 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የኮንትራባሱ «ሶል» ክር 98 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሙ በሰከንድ 2 ጊዜ የሚመታ ሞገድ ይፈጠራል፣ ባሱም የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ከመድረኩ በላይ ያሉትን የሚጮኹ መብራቶች አጥፍተን በየኖታ መደገፊያው ትንንሽ መብራት አድርገናል። አዳራሹ ጨለማ ቢመስላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነው። ስልክ ፈጽሞ ይዘጋ፤ ንዝረቱም በእንጨት ወንበር ላይ ይሰማል። የዘገየ ሰው 1ኛው ክፍል እስኪያልቅ፣ 7 ወይም 8 ደቂቃ ያህል፣ በር ላይ ይታገሥ። 3ኛው ክፍል ሲያልቅ ደግሞ የሚያልቅ አይመስልም፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ባለ ክሮቹ ረጅም ድምፅ ይዘው ቲምፓኒው በለሆሳስ ይመታል፣ ከዚያ ያለ ምንም እረፍት 4ኛው ይፈነዳል። እባካችሁ እዚያ ቦታ ላይ አታጨብጭቡ። ትሮምቦኖቹን የምትሰሙት ያኔ ነው።

አሁን ኦቦዋ ሁሉም የሚቃኝበትን ድምፅ፣ «ላ»ን፣ ትሰጣለች፣ 440 ኸርዝ። መጀመሪያ ነፊዎቹ፣ ቀጥሎ ባለ ክሮቹ ይቃኛሉ።

አመሰግናለሁ።