ግማሽ እጣ፣ ግማሽ ድርሻ

ጤና ይስጥልኝ። የዕድራችን አባላት፣ ከመራዊ ድረስ የመጣችሁ የቆጋ ገበሬዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ለገበሬው አስቀድመን ከፍለን ስለምንካፈለው የሽንኩርት ድርሻ ነው።

ትናንት ማታ ጉልት ወጥቼ ነበር። አንዲት እናት ሽንኩርት በመደብ ገዙ። አራት ራስ ነው፣ ቆጠርኩት። አጠገባቸው የቆመው ሰው አምስት ኪሎ አስመዝኖ ሄደ። በኪሎ ሲሰላ የበለጠ የከፈሉት እናትየዋ ናቸው። ድሃ ትንሽ ትንሽ ስለሚገዛ በውድ ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እዚሁ ቅርባችን ደግሞ ቆጋ አለ። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ ነው። ሽንኩርቱ አንድ ላይ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ በፈለገው ዋጋ ያነሳዋል። እናትየዋ ግን ሁዳዴን ሙሉ ለሽሯቸው በመደብ ነው የሚገዙት።

ድርሻውን ባለፈው ዓመት የጀመርነው ለዚህ ነበር። ቤተሰቡ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ይገዛበታል፣ ምርቱ ሲደርስ በየሳምንቱ ይካፈላሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ እርሻዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት። እዚያም አስቀድሞ መክፈል ለድሃው ስለከበደ፣ በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈልና እንደ አቅም መክፈል የፈቀዱ አሉ።

እኛ ግን ሙሉውን ባንዴ ክፈሉ አልን። የቀን ሠራተኛ ከየት ያምጣ? የገቡት ደመወዝተኛና ባለሱቅ ብቻ ሆኑ። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው።

እቁብ ላይ ሙሉ እጣ የከበደው ግማሽ ይጥላል። ዘንድሮ ድርሻውም ግማሽ ይኑረው፣ ክፍያውም በየሳምንቱ ይሁን። የቻለ ጨመር አድርጎ ይክፈል፤ ጭማሪው ለጎደለበት ጎረቤት ይሙላ። ለማን እንደተሞላ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሰው ሽንኩርት ሊወስድ ተሰልፎ አንገቱን መድፋት የለበትም።

ገበሬዎቹ የዘር ገንዘብ ሳምንት በሳምንት ሊጠብቁ አይችሉም። ለእነሱ ዕድሩ ያበድር፤ ከሳምንቱ ክፍያ ይተካል። የዕድር ብር ለሐዘን ነው የምትሉ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። የሐዘኑ ተለይቶ ይቀመጥና ከተረፈው እንነጋገር።

ችግኙ ታኅሣሥ ላይ ይተከላል። ዘሩ በችግኝ መደብ ላይ የሚፈላው ግን ሁለት ወር ቀድሞ ስለሆነ ቁጥራችን አሁን መታወቅ አለበት። መዝገቡ በሩ ላይ ከጸሐፊያችን ጋር አለ። ዛሬ ስም ብቻ ነው የምንጽፈው፤ ብር አንቀበልም።