ፅንሱ እየተንቀሳቀሰ አንጎሉን አጥርቶ ማየት

[በስክሪኑ ላይ፦ የፅንስ ጭንቅላት ኤምአርአይ፤ ምስሉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይዞራል]

ይህን ምስል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ አንጎሉ ቁልጭ ያለ ነው። ወደ ጎን ስናዞረው ግን ጠርዙ ተሰባብሮ፣ መስመሩ ተቆራርጦ ይመጣል። ማሽኑ አልተበላሸም። ፅንሱ ተንቀሳቅሶ ነው።

አዋቂን ሰው «አይንቀሳቀሱ» ማለት ይቻላል፤ ፅንስን ግን ማን ያዝዘዋል? ይገላበጣል፣ ይራገጣል፣ አንገቱን ያዞራል። እናቱም ትተነፍሳለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የፅንስ ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ገና ሲጀመር፣ እንቅስቃሴውን ለመግታት መድኃኒት እስከ መስጠት ተደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፈጣን የአነሳስ ዘዴዎች አንዷን ቁራጭ ምስል፣ ማለትም እንደ ዳቦ ቁራጭ የአካሉን አንድ ስስ ንብርብር የምታሳየውን፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያነሳሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ ቁራጭ ለብቻዋ አብዛኛውን ጊዜ የጠራች ናት። ችግሩ ያለው በቁራጮቹ መካከል ነው። ጎረቤታም ቁራጮች አንዱ የሌላውን ምልክት እንዳይረብሽ ሲባል እየተዘለሉ ይነሳሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁራጮች በብዙ ሰከንዶች ሊራራቁ ይችላሉ። በዚህ መሃል ጭንቅላቱ ቦታውን ለቋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ በሦስት አቅጣጫ የተነሱ የቁራጭ ጥቅሎች]

ሌላም ችግር አለ። የአንዷ ቁራጭ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የ20 ሳምንት ፅንስ ጭንቅላት ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጎን እስከ ጎን የሚሸፍኑት ቁራጮች ከደርዘን ብዙም አይበልጡም።

መፍትሔው የሚጀምረው ደጋግሞ ከማንሳት ነው፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከጎን ወደ ጎን። አንዱ የአንጎል ነጥብ በብዙ ቁራጮች፣ ከተለያየ አቅጣጫ ይታያል። ከዚያ ኮምፒውተሩ አንጎሉን ከእናቲቱ አካል ለይቶ ያወጣል፤ ዙሪያው ያለው አካል ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ስሌቱን ያሳስታል።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ስላለ ቅርጹን ሳይቀይር እንዳለ ይንቀሳቀሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የአንዷን ቁራጭ ቦታ ለመግለጽ ስድስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ሦስቱ ለመንሸራተት፣ ሦስቱ ለመዞር። 120 ቁራጮች ካሉን 720 ቁጥሮች መገኘት አለባቸው ማለት ነው።

ቁራጮቹን በቦታቸው ለማስቀመጥ ሙሉው አንጎል ያስፈልገናል፤ ሙሉውን አንጎል ለመሥራት ደግሞ የቁራጮቹ ቦታ መታወቅ አለበት። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው እየተመላለሱ በማረም ነው። መጀመሪያ ደብዛዛ ግምት ይሠራል። ከግምቱ ተነስቶ «ይህች ቁራጭ እዚህ ብትሆን ምን ትመስል ነበር?» ተብሎ ይሰላል፤ ውጤቱ ከእውነተኛዋ ቁራጭ ጋር ይነጻጸራል። በልዩነቱ መጠን ቦታዋም ግምቱም ይታረማሉ። ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ምስሉ እየጠራ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በሁሉም አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ዝርዝር ያሳያል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተበላሹ ቁራጮች አንድ በአንድ ይደበዝዛሉ]

እኔ በጣም የማደንቀው ግን ስሌቱ የተበላሸውን መጣሉን ነው። ፅንሱ በዚያችው ከሰከንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቁራጯ ራሷ ትበላሻለች፤ የትም ብትቀመጥ አትገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዋ ማሪያ ኩክሊሶቫ-ሙርጋሶቫና ባልደረቦቿ ያቀረቡት ዘዴ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይስማማውን መረጃ በስታቲስቲክስ ለይቶ ከስሌቱ ሙሉ በሙሉ ያስወጣል። መረጃን ጨምሮ ሳይሆን ቀንሶ ምስልን ማጥራት!

ጭንቅላቱ ብዙ ከዞረ የመጀመሪያው ግምት ከእውነቱ ይርቃል፣ ስሌቱም በስህተት ላይ ይቆማል። በቅርብ ዓመታት የመጡት በጥልቅ ትምህርት የሠለጠኑ ሞዴሎች (ከብዙ ምሳሌዎች የሚማሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) የቁራጯን ቦታ ከምስሏ አይተው በመገመት ይህን ያቃልላሉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በአንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ክፍተቶች ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች ክትትል ይጀምራሉ። በሰያፍ በተቆረጠ ምስል ላይ ደግሞ ያው ክፍተት ከእውነቱ ሰፍቶ ሊለካ ይችላል። ለወላጆች የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ስሌቱ «አይስማማም» ብሎ የጣለው ነገር እውነተኛ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሬዲዮሎጂስቱ የተሠራውን ምስል ብቻ አይቶ መፍረድ የለበትም። አንድ ነጥብ በቁራጮቹ ላይ ታይቶ በተሠራው ምስል ላይ ከጠፋ፣ ወደ ቁራጮቹ ተመልሶ ይመረምራል።