ድንበሩን በእግራችን እንሻገር

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ኮሚቴው ስለ ባልካኑ ጉዟችን እንድናገር ስለጋበዘኝ አመሰግናለሁ። በዕቅዱ ውስጥ የምደግፈው ብዙ ነገር አለ። በአስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ መጓዛችን ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ሰሜን መቄዶንያ ውስጥ ወዳለችው ኦህሪድ ከተማ አብረን ሄደናል። ከከተማው 29 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሐይቁ ዳር ያለውን የቅዱስ ናኡም ገዳም ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ መቃብሩ ላይ ጆሯችሁን ለጥፋችሁ የቅዱሱን የልብ ትርታ አዳምጣችኋል። ወዲያው አስጎብኚው «ሰዓት አልቋል፣ ግቡ» አለን። አልባኒያ እኮ እዚያው አጠገባችን ነበረች! «ወዲያ ማዶ ምን አለ?» ስንለው «ምንም» አለን።

በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ። እስከ ገዳሙ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ። የድንበር ፖሊሱ ፓስፖርቴን ገልጦ «ጎንደር» የሚለው ላይ ቆመ። ከኋላዬ መኪና ፈለገ። በእግሬ ነኝ አልኩት። ማህተሙን መታልኝ።

በአልባኒያ በኩል የመጀመሪያዋ መንደር ቱሸሚሽት ናት። ባደርኩበት ቤት ጓሮ፣ ቲማቲሙ መሃል፣ የአልባኒያው ኮሚኒስት መሪ የኤንቨር ሆጃ ዘመን የኮንክሪት ምሽግ ቁጭ ብሏል። አባወራው አዛውንት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመልን እስከ ሌሊት አወጋን። ገዳሙ እስከ 1925 (እ.ኤ.አ.) የአልባኒያ ነበር፤ በዚያ ዓመት መቄዶንያን ይዛ ለነበረችው ዩጎዝላቪያ ተሰጠ። ከዚያ ሆጃ መጣ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሃይማኖት ጭራሽ ተከለከለ። ወደ ድንበሩ የተጠጋ ይተኮስበት ነበር። እሳቸው ገዳሙ ያለበትን ዳርቻ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ ያዩታል፤ መርገጥ ግን አይታሰብም። አገሩ ሲከፈት ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። ያኔ ተሻግረው ለእናታቸው ሻማ አበሩ። እናትየው ይህን ቀን ሳያዩ አርፈዋል።

ወገኖቼ፣ ድንበር ምን እንደሆነ ለእኛ ይነገረናል? መተማን በሌሊት የተሻገራችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። ሞያሌን የተሻገራችሁም አላችሁ። እኚህን ሰው ከእኛ በላይ ማን ይረዳቸዋል? ታዲያ እኛ በመስታወት አይተናቸው የምናልፈው በምን ዕዳችን ነው? ገንዘባችንስ ለምን ለአስጎብኚ ድርጅት ይገባል? እራት ለሠራችልን ሴት፣ አልጋ ላነጠፈልን ቤት ይግባ!

ወጪው አያስፈራችሁ። ማዶ «ፉርጎን» የሚባል ሚኒባስ አለ፤ እንደ እኛ አገር ታክሲ ሲሞላ ነው የሚነሳው። የአልባኒያዋ ከተማ ፖግራዴትስ ቅርብ ናት። የመቄዶንያ ዴናር እዚያ ስለማይሠራ ትንሽ ዩሮ ያዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ኤምባሲዎቹን ጠይቁ።

ስለዚህ ኮሚቴውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አውቶቡሱ ገዳሙ በር ላይ ያውርደን፣ ባዶውን ይመለስ። መራመድ ለሚከብዳቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን መኪና እኔ አፈላልጋለሁ። ዛሬውኑ ድምፅ ይሰጥበት። አመሰግናለሁ።