ከርቤው ለምን መጣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ?

ኅዳር 15 የያዝነው ጾመ ነቢያት ሊፈታ ነው። ታኅሣሥ 29 ደርሷል። ከገበያ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዶሮና ቅቤ ዋጋ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ተወዷል። ዋጋ ካነሣን ዘንድ ልደቱ ስንት እንዳስወጣ እንይ።

ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አቀረቡ። ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለክህነቱ ነው። ከርቤውስ? እኛ አራስ ስንጠይቅ የገንፎ እህልና ቅቤ ይዘን ነው የምንሄደው። ከርቤ ግን መራራ ነው፤ አስከሬን ይገነዝበታል። ኒቆዲሞስ ጌታን ሊገንዝ ሲመጣ የከርቤና የእሬት ቅልቅል 100 ንጥር የሚያህል እንደያዘ ዮሐንስ በምዕራፍ 19 ጽፎልናል። ሕፃኑ ጡት ሳይጥል የመቃብሩ ሽቱ ቀድሞ ደረሰው ማለት ነው። ቤተ ልሔምን ከቀራንዮ ለይቶ የሚያከብር ሰው በዓሉን በግማሽ ነው ያከበረው፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች «ሀብታም ሲሆን ስለ እናንተ ድሀ ሆነ» ብሎ ጽፏል። ከትርፉ ቆንጥሮ አልሰጠንም፤ ራሱን ሰጠን። ሲወለድ ማደሪያ አጣ፤ ሄሮድስ ሊገድለው ሲነሣ እናቱ ይዛው ተሰደደች።

ስደቱ ደግሞ ለጣና ዳር ሰው ቅርቡ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን እንዳረፈች አባቶቻችን በትውፊት ነግረውናል። ይህን ለእንግዳ ስናወራ ደረታችንን ነፍተን ነው። ታዲያ ዘንድሮ ቤት ንብረቷን ጥላ፣ ሕፃን አዝላ ባሕር ዳር የገባችውን እናት ምን አልናት? ኪራይ እጥፍ አድርጎ የጠየቃት ከመካከላችን የለም?

ቅርጫ የምትገቡ፣ እናንተን ልለምን። ቅጠሉ ተነጥፎ መደቡ ሲደረደር ታውቁታላችሁ፤ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለሁሉም ይደርሳል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ለችግረኛ የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የቀረው አጥንት ነው። ዘንድሮ ለዚያች ለተፈናቀለችው እናት 1 መደብ ጨምሩና እኩል ዕጣ ውስጥ ይግባ። ደህናው ለእሷ ከወጣ እሰየው! የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ትንሽ ያንሳል፤ ይነስ። ቅርጫ የማይገባ ሰው ደግሞ በበዓሉ ቀን አንድ እንግዳ ከማዕዱ ያስቀምጥ፤ ሽሮም ቢሆን አብሮ ከተበላ ያምራል።

መደብ የሚጨምረውንና እንግዳ የሚቀበለውን ሰው ስም የሚመዘግቡት ልጆች በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ስትወጡ አነጋግሯቸው። ለልደቱ በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።