የበርጋ ወፍና የበርጋ ልጆች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የተፈጥሮ ክበብ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ!

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ነው። ብዙም ሳይቆይ «ዋልያ» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ለልጆች ደግሞ «አጋዘን»ን አዘጋጀ። በዚሁ አቆጣጠር በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገራችንን ቦታዎች ለይቶ በመጽሐፍ አወጣ። ጥበቃው ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠ ትልቅ ሥራ ነው።

እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ረግረግ ባወራችሁ ደስ ይለኛል። በርጋ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ሣሩም ያድጋል። እዚያ ሣር ውስጥ ሳሮትሩራ አይሬሲ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ትንሽ ወፍ ጎጆ ሠርታ ትፈለፍላለች። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ቀለም ጎልቶ የሚታየው ስትበር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም ወፎች ተርታ ተመድባለች። ጎጆዋ ከመሬት ብዙም ስለማይርቅ ከብት ሊረግጠው ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሜዳውን ማጠር ይቻል ይሆናል። ግን ሜዳው የሰው ኑሮ ነው። ከብቱ የሚግጠው፣ ድርቆሹ የሚታጨደው ከዚያው ነው። ገበሬውን «ከአንተ ወፏ ትበልጣለች» ብሎ መከልከል በእኔ እምነት ፍትሕ አይደለም፤ ብዙም አይዘልቅም። ማኅበሩ ከነዋሪው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን መረጠ። የአካባቢው ሰዎችም ወፏንና ረግረጉን የሚጠብቅ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ።

ትምህርት ቤትም ተሠራ። ወፏ ደቡብ አፍሪካም ውስጥ ስለምትገኝ፣ የዚያ አገር የረግረግ ተቆርቋሪዎች ድጋፍ ሰጡ። ይህን ስነግራቸው «ለወፍ ተብሎ ትምህርት ቤት?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ለወፍ ተብሎ። ልጆቹ ግን ፊደል ቆጠሩበት። ወላጅም ከወፏ መኖር የሚያገኘውን ጥቅም በዓይኑ አየ። ከማኅበሩ ታሪክ ሁሉ እኔን በጣም የሚያኮራኝ ይሄ ነው።

እናንተም በአቅራቢያችሁ ካለ ረግረግ ጀምሩ። የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ መዝግቡ። ቢኖክላር ባይኖራችሁም ዓይናችሁ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን እዚያ ከብት የሚያሰማራውን ሰው ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ቦታውን ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።